እማዬ የምትውልበት ዴይ ኬር፦ ከ5 ኮከብ 4

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ለእናት ለአባታችሁ ዴይ ኬር፣ ማለትም አረጋውያን ቀን ቀን የሚውሉበት ቤት፣ እየፈለጋችሁ ከሆነ ይሄን አንብቡት። እማዬ አንዱ ጋ መሄድ ከጀመረች ዓመት ሊሞላት ነው። ቅሬታም ስላለኝ ስሙን አልጠራም።

አዲስ አበባ እያለች ሰው አጥታ አታውቅም ነበር። እድሯ፣ የማርያም ማኅበሯ፣ ሰንበቴዋ፣ የጠዋት ቡናዋ፣ ሁሉም በእግር አምስት ደቂቃ ነው። ከዚያ ቀስ በቀስ ሰዉ ሳሳ። ከቡና ጓደኞቿ ገሚሶቹ አረፉ፣ ገሚሶቹ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ከተማው ሌላ ጫፍ ገቡ፣ የቀሩትን ደግሞ ጉልበታቸው አላስኬድ አላቸው። እኔም ብቻዋን ቀረች ብዬ አመጣኋት። እዚህ ግን ባሰባት። እኛ ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ መኪና አትነዳ፣ እንግሊዝኛ አትችል። ማታ ስገባ ጀበናዋ እንደተጣደ አገኘዋለሁ፣ አቦሉን ለብቻዋ ጠጥታ ቶናውን ሳታፈላ ትታው።

ወደ ዴይ ኬሩ ልመለስ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ቫን ከደጃፍ ይወስዳታል፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ይመልሳታል። ነርስ አለች፣ ግፊትና ስኳር ትለካለች። ቁርስና ምሳ እዚያው ነው፣ ሽሮው እንደ ቤት ባይሆንም ይበላል። ቢንጎ አለ፣ ወንበር ላይ የሚሠራ ስፖርት አለ። ቤቱ ንጹሕ ነው። ሠራተኞቹ እማማ፣ አባባ ብለው ነው የሚያናግሩት።

ክፍያውን ሜሪላንድ ውስጥ ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች መንግሥት የሚሰጠው የጤና መድን) ላላቸውና የጤናቸው ሁኔታ ለሚያስገድዳቸው እሱ ይሸፍነዋል። ግሪን ካርድ ይዘው የመጡ ወላጆች ግን በአብዛኛው ለሜዲኬይድ 5 ዓመት መጠበቅ አለባቸው። እኛም ጠበቅን። አሁን ሳስበው ይቆጨኛል፣ በሳምንት አንድ ቀንም ቢሆን ከኪሴ ከፍዬ ልልካት ይገባ ነበር።

ቅሬታዬ ቫኑ ነው። በረዶ በጣለ ጊዜ ሁለቴ ከ40 ደቂቃ በላይ ሎቢ ውስጥ ጠብቃለች፣ ይዘገያል ብሎ የደወለ የለም። አንድ ረቡዕ ደግሞ እንቁላል ቀርቦላት ጾሟን ዋለች። ስነግራቸው እንቁላሉ አልተደገመም፣ ቫኑ ግን አሁንም ያው ነው። አንዱን ኮከብ የቀነስኩት ለዚህ ነው።

አራቱን ለምን ሰጠሁ? ጥር ላይ ጉንፋን ይዟት ሁለት ቀን ቀረች። በሁለተኛው ቀን ስልኳ ጮኸ፣ አጠገቧ የሚቀመጡት የደሴዋ እናት ናቸው። «ምነው ጠፋሽ? ወንበርሽን ለሰው አላስነካሁም» ሲሏት ድምፃቸው እኔ ድረስ ይሰማል። እስከ ማታ ሌሎች ሦስት ደወሉ፣ ነርሷም ደወለች። እድር ላይ የቀረ ሰው ይቀጣል፣ ልጅ ሆኜ ክፉ ሕግ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን እማዬ አልጋዋ ላይ ሆና ለአምስት ሰው «ደኅና ነኝ፣ ነገ እመጣለሁ» ስትል ነው የገባኝ።

ከዚያ በኋላ አብረዋቸው የሚውሉ አንድ አባት አረፉ። እናቶቹ ማንም ሳያዛቸው አሥር አሥር ዶላር አዋጡ፣ አንዷ በመሐረብ ቋጥረው ያዙት። ዴይ ኬሩም ቫን ሰጥቶ ልቅሶ ቤት አደረሳቸው፣ ውሉ ላይ የሌለ ነገር ነው፣ በጣም አመስግኛቸዋለሁ። እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ቫኑን በር ላይ ስትጠብቅ አየኋት። አሜሪካ ከመጣች ጀምሮ እኔ ሳልወስዳት የራሷን ሰው ልቅሶ ስትደርስ ያ የመጀመሪያዋ ነው።

ስለዚህ ልታዩ ስትሄዱ ቢሮ ውስጥ የሚያሳዩአችሁን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። ቡና በሚፈላበት ሰዓት ግቡ፣ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ የጾሙንም ምሳ ታያላችሁ። ጥግ ላይ ለብቻው የተቀመጠ ካለ ማን ሄዶ እንደሚጠራው ተመልከቱ። ቫኑ ሲዘገይ ማን እንደሚደውልም ከመፈረማችሁ በፊት አስጽፉ።