ሜሪላንድ የሚለበስ ቀሚስ ጅማ ማሰፋት

ስለ አንድ የጅማ ልብስ ሰፊ ፍርዴን መጀመሪያ ልንገራችሁ። ስፌቱ አንደኛ ነው፣ ቀጠሮው ግን አይታመንም። የቸኮላችሁ እዚህ ላይ ማቆም ትችላላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወንድሜ ልጅ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትማረው። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። የካቲት ላይ ደወለችና «አክስቴ፣ ለፕሮም የሀበሻ ቀሚስ ነው የምለብሰው፣ ግን እማዬ ለሰርግ የምትለብሰው ዓይነት እንዳይሆን» አለችኝ። ፕሮም ለማታውቁ፣ የሃይስኩል የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ሚያዝያና ግንቦት አካባቢ የሚያደርጉት የጭፈራ ምሽት ነው። ትኬት ይገዛሉ፣ ወንዶቹ ሱፍ ለብሰው ደረታቸው ላይ አበባ ይሰካሉ፣ ሴቶቹ እጃቸው ላይ አበባ ያስራሉ፣ አብሮ መሄድ የፈለገ ልጅ ደግሞ ካርቶን ላይ ቀልድ ቢጤ ጽፎ በሰው ፊት ይጠይቃል። የወንድሜ ሚስት ይሄን ሁሉ ሰምታ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ጾም ውስጥ ነው እንዴ የሚውለው?» ከፋሲካ በኋላ ነው ሲሏት ተረጋጋች።

ሱቁ እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ ነው፣ ከጨርቃ ጨርቁ ተራ ገባ ብሎ፣ ጠባብ ነው። ስሙን አልጠራም፣ በኋላ የማማው ነገር አለ። ሁለት የስፌት መኪና አላቸው። አንዱ በእግር የሚረገጥ አሮጌ ነው፣ መብራት ሲሄድ ሥራው የሚቀጥለው በሱ ነው። ጋሼ (ደንበኛው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚላቸው) ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ አስቀመጡኝና ልኩ ያለበትን ስልኬን ተቀበሉኝ።

«ወገብ 27» ብለው አነበቡ። ሜትራቸውን 27 ላይ ይዘው ክብ ሠሩበትና በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ። «እህቴ፣ ብርጭቆ ነው እንዴ የምታለብሱት?»

ለካ ልጅቷ የላከችው በኢንች ነው። ሜትሩን ገለበጡት፣ ጀርባው ላይ ኢንች አለ፣ ወደ 69 ሴንቲ መጣ። እኔ በቃ አለቀ ብዬ ስነሳ «ማን ነው የለካት?» አሉ። ራሷ ናት አልኩ። «ራሱን የለካ ሰው ልኩ ልክ አይሆንም። እጁን ሲያነሳ ትከሻው አብሮ ይነሳል።» ሌላ ሰው ይለካት፣ ሲለካም በቪዲዮ ተቀርጾ ይምጣልኝ ብለው አረፉ።

የኔ አበሳ እዚህ ላይ ጀመረ። በዚያ ወቅት እነሱ ከኛ 7 ሰዓት ወደኋላ ናቸው። ልጅቷ ከክፍል ወጥታ የሩጫ ልምምድ አላት። ስፕሪንግ የሚሉት፣ ከማርች እስከ ሜይ ያለው ጊዜ፣ የአትሌቲክስ፣ የቤዝቦልና የቴኒስ ወቅታቸው ነው። 800 ሜትር ትሮጣለች፣ «ሀበሻ ስለሆንኩ አንደኛ የምወጣ ይመስላቸዋል፣ እኔ ግን መጨረሻ ነኝ» እያለች ትስቃለች። እሷ ቤት ስትገባ እኔ ጋ እኩለ ሌሊት ነው። ሁለት ሌሊት ቪዲዮ ስጠብቅ አደርኩ። ቪዲዮው ሲመጣ የትከሻው ልክ በእርግጥም ሁለት ሴንቲ ይለያል።

ሰውየውን እንድወዳቸው ያደረገኝ ጥያቄያቸው ነው። ከዚህ በፊት ያሰፋሁባቸው ቦታዎች ልክህን ጽፈው፣ ቀብድ ተቀብለው «ነገ ሳምንት» ነው የሚሉት። እኚህ ግን «የጫማዋ ተረከዝ ስንት ሴንቲ ነው?» አሉኝ። ጠየቅኳት። ተረከዝ ያለው ጫማ ታደርጋለች፣ ግን ከአንድ ሰዓት በኋላ አውልቃ በስኒከር ነው የምትጨፍረው። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርጉት ትላለች። ጋሼ ይሄን ሲሰሙ ብዙ አሰቡ። የቀሚሱን እርዝመት በስኒከር ለኩት፣ ታች ላይ ደግሞ አራት ሴንቲ ወደ ውስጥ አጥፈው ተውለት፣ እናቷ ሀሳቧን ብትቀይር እዚያው መልቀቅ እንድትችል። ከብብቱ ሥር ሰፋ አድርገው ቆረጡት፣ «እስክስታ አይደለም የሚጨፍሩት፣ እጃቸውን ወደ ላይ ነው የሚወረውሩት» ብለው። ከየት እንዳዩ እንጃ።

ሲሰፉም ወሬ ይወዳሉ። «ይሄን ሁሉ ስትጨፍር መቼ ነው የምታጠናው?» አሉኝ። ኤፒ የሚባል ፈተና እንዳለ ነገርኳቸው፣ የዩኒቨርሲቲ ደረጃ ያለው ትምህርት እዚያው ሃይስኩል ወስደው ሜይ ውስጥ የሚፈተኑት፣ ውጤቱ ከ1 እስከ 5 የሚሰጥ። እሷ የባዮሎጂውን ልትፈተን ነው፣ ፕሮሙም እዚያው ሰሞን ነው። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች የትኛው ጋ እንደምትገባ አሳውቂ የሚሉት እስከ ሜይ 1 ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ 75 ሰዓት የማህበረሰብ አገልግሎት ካልሰጠ አይመረቅም። ጋሼ እዚህ ላይ ረዳታቸውን ዞር ብለው አዩትና «የኛዎቹንም እንዲህ ቢያደርጓቸው» አሉ። ልጁ 12ኛ ክፍል ነው፣ ቁልፍ እየተከለ ነበር፣ የለበሰው ነጭ ቲሸርት ጓደኞቹ በማርከር የፈረሙበት ነው። እዚያ የሚፈራረሙት የዓመቱ የተማሪዎች ፎቶ በታተመበት መጽሐፍ ላይ ነው፣ እኛ ጋ ልብስ ላይ። የልጁ ይሻላል፣ ይለበሳል።

አሁን ወደ ሐሜቱ።

ለሚያዝያ 6 ቀጠሩኝ። ሚያዝያ 6 ስሄድ ጨርቁ ገና አልተገጣጠመም። መብራት ጠፋ አሉ፣ ያ በእግር የሚረገጠው መኪና ምን ሆነ ስላቸው ለጥልፍ አይሆንም አሉኝ። በሳምንቱ ስመለስ ዝናብ ነው። እዚያ አበባ የሚፈነዳበት ስፕሪንግ እኛ ጋ በልግ ነው፣ የጅማን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ከወረደ መንገዱም ሰውም ይቆማል። ሱቁ ተዘግቷል፣ ስልክ አይነሳም። የተረከብኩት ሚያዝያ 20 ነው፣ ይዞልኝ የሚሄደው ሰው ከአዲስ አበባ የሚበረው ሚያዝያ 22። 350 ኪሎ ሜትር የአውቶቡስ መንገድ ቀሚሱን እንደ ሕፃን ታቅፌ ሄድኩ። እንደዚያ ያበሳጨኝ ሰው የለም። ስለዚህ ምክሬ፣ የእውነተኛውን ቀን አትንገሯቸው። ሁለት ሳምንት ቀንሱና «የሰርግ ነው» በሉ። የዩኒቨርሲቲ ምርቃት ሲቃረብ ደግሞ ጭራሽ አትሂዱ፣ ሱቁ በሱፍ ይሞላል።

ሁለተኛው ዚፑ ነው። ደርሶ፣ ለብሳ፣ ሁለተኛ ልትሞክረው ስትል ነከሰ። እዚያ ዚፕ ለማስቀየር 45 ዶላር ተከፈለ። እኔ ለእጅ ዋጋ የከፈልኩት 4,500 ብር ነው፣ ጥልፉን ጨምሮ። 45 ዶላሩን ስመነዝረው ከሙሉው ስፌት በለጠ። ይሄን ለጋሼ ስነግራቸው ተኮሳተሩ፣ «ዚፕ እኔ አልሠራም፣ ከገበያ ነው የምገዛው» አሉ። ልወጣ ስል ግን ሁለት ዚፕ በወረቀት ጠቅልለው እጄ ላይ አስቀመጡ።

ቀሚሱ ራሱ? ፏ ያለ። ጥልፉ ከአንገት እስከ ወገብ በቀጭን ወርዶ ይቆማል፣ ገበሩ አይሻክርም፣ ውስጡን ብትገለብጡት የተንጠለጠለ ክር የለም። ልጅቷ ምሽቱን ሙሉ ስትዘል አንድ ቦታ አልተተረተረም።

ፎቶውን ላሳያቸው ሄድኩ። ምን ታምራለች ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ስልኩን ወደ መነጽራቸው አስጠግተው፣ በሁለት ጣት ቀኝ ትከሻዋን አጉልተው ዝም አሉ።

«ተነስቷል» አሉ። «የደብተር ቦርሳዋን በዚህ በኩል ነው የምትይዘው?»

በዚያ በኩል ነው።

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»