አንድሮይድ ቴፕ ወይስ የበር ስፒከር? 20 ሺህ ብር ለመኪናችሁ ድምፅ ካላችሁ

ባለፉት ሁለት ወራት አራት ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «ለመኪናዬ ትልቅ ስክሪን ያለው አንድሮይድ ቴፕ ልገዛ ነው፤ የትኛውን ልውሰድ?» የመጨረሻው የእህቴ ባል ነው። ብሩን ይዞ መርካቶ ሊወርድ ሲል ደወለልኝ። «ቆይ፣ ዛሬ አትውረድ፤ ማታ ቤት መጥቼ እነግርሃለሁ» አልኩት። ማታ የነገርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው።

በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ሰው ያለችውን ቪትዝ ወይም ኮሮላ እንደ ዓይኑ ብሌን መያዝ ጀምሯል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ሌላ ሆነ። ዛሬ በቴፕና በስፒከር 20 ሺህ ብር መሳሳት ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ተሳስቻለሁ።

ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ብሩን ስክሪን ላይ አታውሉት። የፊት በሮቻችሁ ላይ አውሉት። ከፈለጋችሁ እዚህ ላይ ማንበብ ልታቆሙ ትችላላችሁ፤ ምክንያቱን የምትፈልጉ ግን ቀጥሉ።

የእኔ ቪትዝ ከጃፓን ይዛው የመጣችው ቴፕ ኤፍ ኤም የሚይዘው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ብቻ ነበር። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ሬዲዮ እንዲያ ነው። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ነው፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1። አንዳቸውም አይገቡም። መጀመሪያ ባንድ ኤክስፓንደር የሚባለውን ትንሽ ዕቃ በ600 ብር ገዝቼ አንቴናው ላይ ሰካሁ። ጣቢያዎቹን ወደ ታች አውርዶ ያመጣቸዋል፤ ነገር ግን ሽሽታ ጨመረብኝ፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥርም የጣቢያው ቁጥር አይደለም። እሱ ሰለቸኝና ቴፑን ለመቀየር ወሰንኩ።

ከዚያ ነው ባለ 9 ኢንች አንድሮይዱን የገዛሁት። ሱቁ ውስጥ ሁለት ነበሩ። ባለ 2 ጊጋ ራሙ 13,000 ብር፣ ባለ 4 ጊጋው 18,500 ብር። ባለ 4 ጊጋውን ወሰድኩ። ለፍሬሙና ለሶኬቱ 1,200፣ ለገጣሚው 1,500 ከፈልኩ። ጠቅላላ 21,200 ብር።

ቤት ገብቼ ሲፒዩ-ዚ የሚባለውን አፕ ጫንኩበት። ራሙ 2 ጊጋ ነው። የቴፑ የራሱ ሴቲንግ ግን አሁንም 4 ጊጋ ይላል። እንደዚህ ቁጥሩ ተቀይሮ የሚሸጥ አንድሮይድ ቴፕ ሞልቷል። የአንድሮይድ ስሪቱን ቁጥርም እንደዚያው ከፍ አድርገው ይጽፉታል። እንግዲህ ባለ 2 ጊጋውን በ5,500 ብር ጭማሪ ገዛሁ ማለት ነው። ልመልስ ብዬ ብሄድ «ተገጥሟል፣ አይመለስም» ተባልኩ። ስለዚህ ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ባትሪ ላይ አስደርጋችሁ፣ ዋይፋይ ከስልካችሁ ሰጥታችሁ አፑን ጫኑበትና እዩ። «አይቻልም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ጥላችሁ ውጡ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መኪናዋ አልነሳ አለች። ባትሪው ደርቋል። ገጣሚው ቢጫውንና ቀዩን ሽቦ አንድ ላይ አስሮ ቋሚው መስመር ላይ ሰክቷቸዋል። ቢጫው ቋሚ 12 ቮልት ነው፤ ሰዓትና ጣቢያ እንዳይጠፋ የሚያደርገው እሱ ነው። ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚመጣው ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ከታሰሩ ቴፑ ሌሊቱን ሙሉ አይተኛም። የቪትዝ ባትሪ ትንሽ ነው፤ ይህን አይችልም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ድምፁ ያው ነበር። እውነቴን ነው፤ ያው የድሮው ድምፅ። ቤዝ የለም፣ ከፍ ሲደረግ ይንጫጫል። ሸገርም ቃሊቲን ሳልፍ መቆራረጥ ጀመረ።

ሽቦውን ያስተካከሉልኝ አንድ ሽማግሌ የመኪና ኤሌክትሪሻን ናቸው። «ጋሼ፣ ድምፁስ ለምን አልተሻሻለም?» ብዬ ጠየቅኳቸው። የግራውን በር ጨርቅ በጣታቸው መታ መታ አደረጉና «ልጄ፣ ቴፑ ምን ያድርግ? በሩ ቆርቆሮ ነው፣ ስፒከሩ ወረቀት ነው። ቁጥሩን ስትገዛ ድምፁን ረሳኸው» አሉኝ። ሽፋኑን ፈተው አሳዩኝ። የፋብሪካው ስፒከር ዕድሜ ጨርሶ ጠርዙ ተሰነጣጥቋል። በሩ ላይ ደግሞ ትልልቅ ቀዳዳዎች አሉ፤ ስፒከሩ ከኋላ የሚገፋው አየር በነዚያ ቀዳዳዎች ዞሮ ከፊት ከሚገፋው ጋር ይጣፋል። ቤዙ የሚጠፋው እዚያ ነው።

አንድሮይዱን በ9,000 ብር ሸጥኩት፤ 12,200 ብር ከሰርኩ። ለገዛኝ ልጅ ራሙ 2 ጊጋ መሆኑን ነግሬዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ግን የሠራሁትን በገዛ እጄ ነው የሠራሁት። ያገለገለ ኦርጅናል ኬንውድ፣ ብሉቱዝና ዩኤስቢ ያለው፣ በ5,500 ብር። ፓዮኒርም ጄቪሲም ሶኒም ቢሆን ያው ነው። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ያገለገለ ቴፕ ስትገዙ «ካሮዜሪያ» የሚል ስም ካያችሁበት፣ ያ ፓዮኒር ጃፓን ውስጥ የሚጠቀምበት ስም ነው። ዕቃው ጥሩ ነው፤ ሬዲዮው ግን የጃፓን ሬዲዮ ነው። ሱቁ ውስጥ 102.1 ላይ አድርጉለትና ሸገር ካልተሰማ ተዉት። ቴፑ ላይ «50 ዋት በ4» የሚለውን ጽሑፍም አትመኑ፤ ይህ ለቅጽበት የሚደርስበት ጫፍ ነው። ከ12 ቮልት መኪና ውስጥ ኦርጅናል ቴፕ ያለማቋረጥ የሚያወጣው በአንድ ስፒከር ከ14 እስከ 22 ዋት ገደማ ነው። ለመልካም የበር ስፒከር ይበቃል።

ስፒከር ላይ ደግሞ ሁለተኛውን ስህተቴን ሠርቻለሁ። መጀመሪያ የታወቀ ብራንድ ስም ያለበትን ጥንድ በ2,800 ብር አገኘሁና ደስ ብሎኝ ገዛሁ። በአራት ወር ውስጥ የቀኙ መንጫጫት ጀመረ። ስፈታው ማግኔቱ ላይ ያለው ወፍራም ጥቁር ነገር ባዶ የፕላስቲክ ቆብ ነው፤ ውስጡ ያለው ማግኔት የጠርሙስ ክዳን አያክልም። ሳጥኑ ላይ «500 ዋት» ይላል። አሁን ስገዛ መጀመሪያ በእጄ እመዝነዋለሁ። ኦርጅናል ይከብዳል። ቆቡን በጥፍሬ እገፋዋለሁ፤ ካለቀቀ ጥሩ። ከዚያ በቴስተር እለካዋለሁ። ባለ 4 ኦሙ ስፒከር ቴስተር ላይ ከ3 እስከ 4 መካከል ማሳየት አለበት፣ ጥንዱም መቀራረብ አለበት። የኮፒው አንዱ 3.4፣ ሌላው 5.1 ነበር። ኦርጅናሉን ባለ 6 ተኩል ኢንች ጥንድ በመጨረሻ 7,800 ብር ገዛሁት። በ2,800 ላይ 5,000 ጨምሬ መጀመሪያውኑ ብገዛው ኖሮ 2,800ው ኪሴ ውስጥ ነበር።

አገጣጠሙ ላይ ረጋ በሉ፤ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ስጡት። መጀመሪያ በ10 ቁልፍ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። የበሩን ሽፋን ብሎኖች በካቻቪቴ ከፈታችሁ በኋላ ክሊፖቹን በብረት አትንቀሉ፤ ይሰበራሉ። ብዙ የቶዮታ በር ስፒከር በብሎን አልተያዘም፤ በሪቬት ነው። የሪቬቱን ራስ በትራፓኖ ትበሱታላችሁ። የቆርቆሮው ፍርፋሪ አዲሱ ስፒከር ማግኔት ላይ እንዳይጣበቅ በደንብ ጥረጉ። የፋብሪካው ስፒከር ከፕላስቲክ መነሻው ጋር አንድ አካል ስለሆነ አዲሱ ብቻውን አይቀመጥም፤ ቀለበት ያስፈልገዋል። እኔ አንድ አናጺ ዘንድ ሄጄ ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ጣውላ) በ600 ብር አስቆረጥኩ። ውሃ እንዳይጠጣ ቀለም ቀቡት።

የቴፑን ሽቦ ስትቀጥሉ ግን ይህን በቃላችሁ ያዙ። ቶዮታ የራሱ ቀለም አለው። ከገበያ የምትገዙት ቴፕ ላይ ቢጫ ቋሚ መስመር፣ ጥቁር ደግሞ መሬት ነው። ቶዮታ ላይ ቢጫና ጥቁር የኋላው ግራ ስፒከር ሽቦዎች ናቸው! ቀይና ነጭ ደግሞ የኋላው ቀኝ። የቶዮታ ቋሚ መስመር ሰማያዊና ቢጫ ያለበት ነው፣ በቁልፍ የሚመጣው ግራጫ፣ መሬቱ ቡናማ። ቢጫን ከቢጫ፣ ጥቁርን ከጥቁር አያይዞ ቴፑን ያቃጠለ ሰው አውቃለሁ። 450 ብር ከፍላችሁ ለቶዮታ የተሠራውን ሶኬት ግዙ። የመኪናችሁን ሶኬት ፈጽሞ አትቁረጡ፤ ሲሸጥም ዋጋ ይቀንስባችኋል።

ስፒከሩ ላይ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ካልተለየላችሁ የሪሞት ድንጋይ ውሰዱና ለቅጽበት ንኩት። ወረቀቱ ወደ ውጭ ከዘለለ የድንጋዩ ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ ፖዘቲቭ ነው። ከግራውና ከቀኙ የአንዱ ብቻ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ከተገለባበጠ ቤዙ ይጠፋል፣ እናንተም ስፒከሩን ትወቅሳላችሁ።

የበሩን ቀዳዳ ስለመድፈን ደግሞ። እኔ ብር ለመቆጠብ ብዬ በ700 ብር ለጣሪያ የሚሆን ሬንጅ ያለበት ጥቅልል ገዛሁ። አዲስ አበባ ላይ ደህና ነበር። መተሐራ ስንደርስ መኪናው ውስጥ የአስፋልት ሽታ ሞላ፤ ልጄ አስመለሳት። በነጋታው ሬንጁ ቀልጦ ወደ መስኮቱ ሞተር መውረድ ጀምሮ ነበር። ነቅሎ ለማጽዳት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የሚያስፈልገው ላዩ አሉሚኒየም የሆነ የቡታይል (የሚጣበቅ ጎማ መሰል) ሉህ ነው። ለሁለት በር 2,400 ብር አወጣሁ። ከበሩ ግርጌ ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች ግን እንዳትደፍኑ፤ የክረምት ዝናብ የሚወጣው በእነሱ ነው።

እንግዲህ ሒሳቡ። ቴፕ 5,500፣ ስፒከር 7,800፣ ሶኬት 450፣ ቀለበት 600፣ ቡታይል 2,400፣ ብሎንና ጥቃቅን ነገር 300። ድምር 17,050 ብር። ከአንድሮይዱ 4,150 ብር ያንሳል። ሸገርን ቢሾፍቱ ድረስ ይዤው ሄጃለሁ። የማሲንቆ ድምፅ ከነፍሱ ይሰማል፤ ድሮ የሰማሁት የመሰለኝ ዘፈን ውስጥ ያልሰማሁት ክራር ነበር።

ቴፑን መቀየር የማትፈልጉ ከሆነ እንኳ ስፒከሩንና ቡታይሉን ብቻ አድርጉት። ቀለበቱን ጨምሮ 10,800 ብር ነው፣ የለውጡም ትልቁ ክፍል እዚያ ነው።

አምፕ (የድምፅ ማጉያ) እና ቤዝ ሳጥን? ከዚህ በኋላ ይምጣ። ካስገባችሁ ከባትሪው ግማሽ ሜትር ሳይርቅ ፊውዝ ይግባበት፤ ይህን የዘለለ መኪና ሊቃጠል ይችላል። ሽቦውንም በቢላ ፋቅ አድርጋችሁ እዩት። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ በመዳብ ዋጋ አትግዙት።

አንድሮይድ የሚጠቅመው ሰው የለም አልልም። የኋላ ካሜራ የግድ የሚያስፈልገው፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ካርታ እያየ ራይድ የሚሠራ ሰው ይግዛው። እሱም ቢሆን ርካሹን ባለ 2 ጊጋ ወስዶ የተረፈውን ብር በሩ ላይ ያውለው።

የእህቴ ባል ማታውኑ ተስማማ። ስፒከሩን ትናንት ገዝቷል፤ 8,200 ብር ሆኖበታል፣ እኔ ከገዛሁበት በ400 ብር ጨምሯል። ማግኔቱን ደጋግሞ መዝኖ፣ ቆቡን ገፍቶ፣ በቴስተሬ ለክቶ ነው የገዛው። 3.5 እና 3.6። ቅዳሜ ጠዋት በ2 ሰዓት ግቢያቸው ውስጥ እንጀምራለን፤ ትራፓኖውን እኔ እይዛለሁ።