የመኪና ወንበር ቆዳ ቀለም ልታስረጩ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ይህን አንብቡ

ነገሩ የጀመረው ከሾፌሩ ወንበር ጠርዝ ነው። ስገባና ስወጣ የምታከከው ያ ጎን መጀመሪያ ነጣ፤ ቀጥሎ ደረቀ፤ በመጨረሻ ተሰነጣጠቀ። «ቀለም ረጭተን በአንድ ቀን አዲስ እናደርገዋለን» የሚሉ ሰዎች አገኘሁ። ጠዋት መኪናዬን ሰጥቼ ከሰዓት በኋላ ተረከብኩ። ወንበሩ ጥቁር፣ ወጥና የሚያብለጨልጭ ሆኖ ሳየው በጣም ደስ አለኝ። ሳልከራከር ከፈልኩ።

ወር አልሞላም። አንድ ቀን ፀሐይ ላይ የዋለው መኪና ውስጥ ተቀምጬ ስነሣ ሸሚዜ ከወንበሩ ጋር ተጣበቀ። ጀርባዬ ላይ ጥቁር ቀለም ታትሟል። ከዚያ ጠርዙ መላጥ ጀመረ። የተላጠውን ቁራጭ ገልብጬ ሳየው ከሥሩ እድፍ ይዞ ተነሥቷል። ያን ጊዜ ገባኝ። ወንበሩ ሳይታጠብ ነው የተረጨው። ሄጄ ስጠይቅ «የአጠቃቀምህ ችግር ነው» ተባልኩ። የጽሑፍ ዋስትና ስላልተቀበልኩ የምይዘው ነገር አልነበረኝም።

«ቀለሙ ቆዳው ውስጥ ይሰርጋል» ሲሏችሁ ተጠንቀቁ። አብዛኛው የመኪና ወንበር ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ቀለም ተቀብቶ፣ በላዩም ግልጽ መከላከያ ሽፋን ለብሶ ነው የሚወጣው። እጃችን የሚነካው ሽፋኑን እንጂ ቆዳውን አይደለም። በብዙ መኪኖች ደግሞ የወንበሩ ጎንና ጀርባ ጭራሽ ሰው ሠራሽ ቆዳ ነው። ማየት ከፈለጋችሁ ብዙ በማይታይ ቦታ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ አድርጉ። ጠብታው ክብ ሆኖ ከቆመ ሽፋኑ አለ። ወዲያው ተመጦ ቦታው ከጠቆረ ወይ ሽፋኑ አልቋል፣ ወይ ቆዳው ከመጀመሪያውም አልተሸፈነም።

ሽፋን ባለው ቆዳ ላይ የሚረጭ ቀለም ከላይ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ የሚይዘው ከሥሩ ያለው ነገር ንጹሕ ከሆነና ትንሽ ከሻከረ ብቻ ነው። ላብ አለ፣ የሰውነት ቅባት አለ፣ እኛው ራሳችን እንዲያበራ ብለን የቀባነውም አለ። በተለይ ሲሊኮን ያለበት ማብሪያ ቀለምን አያስጠጋም። ይህ ሁሉ መታጠብ አለበት። ቅባቱ በአልኮል ይጠረጋል። ከዚያ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በስሱ ይታሻል። ቀለሙ ስስ ስስ ሆኖ ደጋግሞ ይረጫል፤ እያንዳንዱ ዙር ሳይደርቅ ሌላው አይደረብም። በመጨረሻ ግልጹ መከላከያ ይረጫል። የእኔ ወንበር ልብስ ያበላሸው ይህ ስለተዘለለ ይመስለኛል። ሁሉም ነገር በጥቂት ሰዓት አለቀ ከተባላችሁ የሆነ ነገር ተዘሏል።

ስንጥቁን ደግሞ ቀለም አይደፍነውም። ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ ቁጭ ብድግ ስትሉ ቆዳው ይታጠፋል፣ ስንጥቁም ይከፈታል። ቀላል ስንጥቅ በቆዳ መሙያ ይስተካከላል። ጥልቅ ከሆነ ወይም ቆዳው ከተቀደደ፣ የተበላሸውን ቁራጭ ብቻ ፈትቶ በአዲስ ቆዳ የሚሰፋ ባለሙያ ፈልጉ። ብዙ ሰው ይህ እንደሚቻል አያውቅም። እኔም አላውቅም ነበር።

ወንበራችሁ ደቃቅ ቀዳዳዎች ካሉት ወፍራም ቀለም ይደፍናቸዋል። በቀዳዳው አየር የሚያስተላልፍ ወንበር ከሆነማ ጉዳቱ የባሰ ነው። በወንበሩ ጎን «ኤርባግ» የሚል ምልክት ካለ ደግሞ በዚያ በኩል ያለውን ስፌት በወፍራም ቀለም ወይም በማጣበቂያ እንዳይሸፍኑት አጥብቃችሁ ንገሩ። አደጋ ሲደርስ ኤርባጉ ቀዶ የሚወጣው በዚያ በኩል ነው። በዚህ ቀልድ የለም።

የተበላሸ ቀለም ማስተካከል ከመጀመሪያው ሥራ የበለጠ አስቸጋሪ ነው። የእኔን ያስተካከለው ሰው በማሟሟቻ ሲያነሣው የፋብሪካው ሽፋንም አብሮ ተነሣ። ሁሉም ከዜሮ ተጀመረ። ስለዚህ ከመስጠታችሁ በፊት ከወራት በፊት የሠሩትን ወንበር እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፤ ትናንት የተሠራ ሁሉ ያምራል። በመጀመሪያ ከወንበሩ ሥር የማይታይ ቦታ ላይ ሞክረው ያሳዩአችሁ። ከደረቀ በኋላ ነጭ ጨርቅ አርጥባችሁ እሹት፤ ቀለሙ ጨርቁ ላይ ከወጣ አልያዘም ማለት ነው።

ያገለገለ መኪና የምትገዙም ይህንኑ ጨርቅ ያዙ። የስፌቱን ክር አይታችሁ እንደ ቆዳው በቀለም ከተዋጠ፣ ወይም ወንበሩ ከመሪውና ከፔዳሉ አርጅቶ መታየት ጋር የማይሄድ አዲስ ከሆነ፣ ወንበሩ ቀለም ተረጭቶ እንደሆነ ሻጩን በግልጽ ጠይቁት።