ዘይቱን የማያሳይ መኪና፦ ያለ መለኪያ ዘንግ ከዓመት በላይ

ዳገት መውጣቱን፣ ጭቃ ማለፉንና በረጅም ጉዞ ወገብ አለማድከሙን ሻጮቹ ጊዜ ወስደው ያስረዳሉ፤ እውነታቸውንም ነው፣ ከዓመት በላይ ስነዳው በእነዚህ ጉዳዮች ቅር የሚያሰኝ ነገር አላየሁበትም። የምጽፈው በሽያጭ ክፍሉ ውስጥ ማንም ስላላነሳው አንድ ጉድለት ነው። ይህ ባለ ቱርቦ፣ ናፍጣ የሚጠቀም፣ አውሮፓ ሠራሽ የመስክ መኪና የሞተር ዘይት መለኪያ ዘንግ የለውም። ኮፈኑ ሲከፈት የውኃ መጨመሪያው፣ የፍሬን ዘይቱና የዘይት መሙያው ክዳን በየቦታቸው ይገኛሉ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ስበን፣ በጨርቅ ጠርገን፣ መልሰን ከትተን የምናየው ያ ቀጭን ብረት ግን የለም።

የዘይቱ መጠን የሚነበበው በዳሽቦርዱ ስክሪን ላይ ነው። ሞተሩ መሞቅ አለበት፤ መኪናው ለጥ ባለ ቦታ መቆም አለበት፤ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ዘይቱ ወደ ቋቱ እስኪወርድ አሥር ደቂቃ ያህል ይጠበቃል፤ ከዚያ ሞተሩን ሳያስነሱ ኤሌክትሪኩን ብቻ ከፍቶ በአገልግሎት ሜኑው ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ነው። በዘይት ቋቱ ግርጌ የተተከለው ሴንሰር የድምፅ ሞገድ ወደ ላይ ይልካል፣ ሞገዱ ከዘይቱ ገጽ ተመልሶ የመጣበትን ጊዜ ለክቶም ከፍታውን ያሰላል። በምሕንድስናው ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን መኪናው ጥቂት ካዘነበለ ሴንሰሩ መልስ አይሰጥም፤ ስክሪኑም መለካት እንዳልተቻለ ብቻ ይገልጻል። እንጦጦ ሥር በተዘረጋ ከተማ ለሚኖር ሰው ለጥ ያለ ቦታ ራሱን የቻለ ፍለጋ ነው። የግቢዬ መሬት ያዘነብላል፣ የሠፈሬ መንገድም እንዲሁ። የቀረው ነዳጅ ማደያ ነው፤ ናፍጣ ለመቅዳት ሰልፍ የያዙ ሰዎች ባሉበት ማደያ ሞተር አጥፍቶ አሥር ደቂቃ መቀመጥ ምን እንደሚያሰድብ የአዲስ አበባ አሽከርካሪ ሁሉ ያውቀዋል።

«ይህ ሁሉ ለእርስዎ ምቾት ነው» ይለኛል በሐሳቤ የምከራከረው ሻጭ፤ «እጅዎ አይቆሽሽም፣ ዘይት ሲጎድልም መኪናው ራሱ ይነግርዎታል።» እጄ ቢቆሽሽ በሳሙና ይለቃል። ስክሪኑ የሚነግረኝ ስንት ዘይት እንዳለ ነው፤ ምን ዓይነት ዘይት እንደሆነ አይነግረኝም። በዘመናዊ የናፍጣ ሞተር ላይ ደግሞ ዋናው ጥያቄ ይኸኛው ነው። በጭስ ማውጫው ላይ ያለው የጥላሸት ማጣሪያ ሲሞላ፣ ሞተሩ ከተለመደው በላይ ናፍጣ እየረጨ በማጣሪያው ውስጥ የተጠራቀመውን ጥላሸት በከፍተኛ ሙቀት ያቃጥለዋል፤ ይህ እንዲጠናቀቅ መኪናው ሳይቋረጥ ረዘም ላለ ጊዜ መሄድ አለበት። ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት በሚል የከተማ ጉዞ ሂደቱ በየመሐሉ ይቋረጣል፤ ሳይቃጠል የቀረው ናፍጣም በሲሊንደሩ ግድግዳ ተንሸራቶ ከሞተር ዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። እንግዲህ ሞተሩ ጥቂት ዘይት ቢበላና በዚያው ልክ ናፍጣ ቢገባበት ስክሪኑ «ልክ ነው» ብሎ ይመሰክራል፤ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ግን ቀጥኖ፣ የሚሽከረከሩትን የሞተር ክፍሎች የሚሸከሙትን ኩሽኔታዎች የመጠበቅ አቅሙ ተሟጦ ሊሆን ይችላል። ዘንግ ቢኖር አንድ ጠብታ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል አሽቶ፣ አሽትቶም ናፍጣውን ማወቅ ይቻል ነበር። ከጥልቅ ወንዝ በኋላም እንደዚሁ ነው፤ ውኃ የገባበት ዘይት ወተት እንደተቀላቀለበት ቡና ይነጣል፤ ሴንሰሩ ግን ውኃውንም ዘይት ብሎ ይቆጥረዋል።

ሻጩ እዚህ ላይ ሌላ መልስ አለው። የናፍጣ ሞተር ዘይት በተቀየረ በአጭር ጊዜ ይጠቁራልና ቢያዩትስ ምን ይጠቅምዎታል ይላል። መጥቆሩ እውነት ነው፤ በሞተሩ ውስጥ የቀረው ጥላሸት አዲሱን ዘይት ወዲያው ያጠቁረዋል፣ ዘይቱ ጥላሸቱን ተሸክሞ መያዙም ሥራው ነው። በቀለም ብቻ የሚፈርድ መካኒክ ግን አላውቅም። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣል ይደረጋል፤ ጥላሸቱ ወደ ዳር ሳይሰራጭ መሐል ላይ ተከማችቶ ከቀረ ዘይቱ ደክሟል፣ በዙሪያው ሰፊና ስስ ቀለበት ከታየ ናፍጣ ይጠረጠራል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው አንድ ጠብታ ነው፤ እኔ ግን ጠብታዋን የማወጣበት መንገድ የለኝም።

መንገድ የለኝም ማለቴ እንኳ ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም፤ ከሁሉም የሚያናድደው ይኸው ነው። ከሞተሩ ጎን፣ የቱርቦው የአየር ቱቦ ከሚያልፍበት ሥር፣ የጣት ውፍረት ያለው ብረት ቱቦ ቀጥ ብሎ ወደ ዘይት ቋቱ ይወርዳል። አፉ በጥቁር ፕላስቲክ ክዳን ተዘግቷል፤ ክዳኑ ላይ ለጋራዥ ብቻ የሚል ማሳሰቢያ ተጽፎበታል። ቱቦውን ሠርተውታል፣ ገጥመውታል፣ ዘንጉን ግን ለጋራዡ አስቀርተውታል። የጋራዡን ዘንግ ያየሁት መካኒኩ ሲከተው ነው፤ ረጅም፣ ተጣጣፊ፣ በሚሊሜትር የተከፋፈለ ነው፤ ዝቅተኛና ከፍተኛ የሚል ምልክት የለበትም። የተነበበው ሚሊሜትር ከዘይቱ ሙቀት ጋር በሰንጠረዥ ላይ ካልተመሳከረ ምንም ትርጉም አይሰጥም፤ ሰንጠረዡም እጃቸው ላይ ነው። አንድ ሰው በገዛ ገንዘቡ የገዛው ሞተር ውስጥ ስላለው ዘይት ለማወቅ ቀጠሮ እንዲይዝ የሚያደርግ አሠራር በየትኛው ምቾት ስም እንደሚጠራ ሻጩ ያስረዳኝ።

ዘይት መቀየሩ ራሱ ከባድ አይደለም። ከሥር ያለው የሞተር መከላከያ ብረት በበርካታ ቡሎኖች ታስሯል፤ ጭቃ የደረቀበት ዕለት ቡሎኖቹን መፍታት ያሰለቻል፤ የማፍሰሻው ቡሎን ሮንዴላ በየጊዜው ይቀየራል። ፊልትሮው ከላይ በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ስላለ ዘይት በክንድ ላይ ሳይወርድ ይወጣል፤ ይህን አመሰግናለሁ። ችግሩ ሙሌቱ ላይ ይመጣል። በዘንግ ቢሆን ከሚፈለገው ትንሽ አጉድሎ ጨምሮ፣ አይቶ፣ እንደገና ጠብ አድርጎ ልኩ ላይ ማድረስ ነበር። እዚህ ግን ከእያንዳንዱ ጭማሪ በኋላ ሞተሩን ማሞቅ፣ ማጥፋትና አሥር ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ የፈሰሰውን በደንብ አስጨርሶ በመመሪያው የተጻፈውን ሊትር በመለኪያ ዕቃ መሙላት ይሻላል፤ ከልክ በላይ የሞላ ዘይት ከላዩ በሚሽከረከረው ክራንክ እየተመታ አረፋ ይሠራልና።

የዘይቱ ዓይነትም ዝም የሚባል አይደለም። በመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ የሚቀርበው ጥያቄ ባለ ሠላሳ ነው ባለ አርባ የሚል ነው፤ ቁጥሩ የሚገልጸው ውፍረቱን ብቻ ነው። ጥላሸት ማጣሪያ ላለው ሞተር የሚያስፈልገው አመዱ ያነሰ፣ በአውሮፓ አምራቾች ማኅበር ምደባ በሲ ፊደል የሚጀምረው ዘይት ነው፤ ሌላው ሲቃጠል የሚተወው አመድ ማጣሪያውን ይደፍነዋል፣ አመዱም እንደ ጥላሸት ተቃጥሎ አይጠፋም። ዕቃው ጀርባ ላይ ያለችውን ደቃቃ ጽሑፍ የሚያነብ ሻጭ ካገኛችሁ ደንበኛ አድርጉት።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁልና ሽቅብ አለው። ደጀን ላይ ከጎኔ የቆመው የሃርድቶፕ ሹፌር ኮፈኑን ከፍቶ ዘንጉን ሳበ፣ በአሮጌ ጨርቅ ጠረገ፣ አየ፣ ዘጋ፣ ሄደ። እኔ ለጥ ያለ ቦታ እየፈለግሁ ነበር።

መግዛቴ አስቆጭቶኛል ወይ ለሚለኝ፣ ዘይት በማይበት ቀን አዎ እላለሁ፤ ዳገት በምወጣበት ቀን ይረሳኛል። ደግሞም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያለውን ሞተር በጥንቃቄ መያዝ እንጂ በቀላሉ መቀየር የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ስክሪኑ እስከሚቀጥለው የዘይት ቅየራ ቀሪ ነው የሚለውን ኪሎ ሜትር መጠበቅ ትቻለሁ፤ አቧራና አጭር ጉዞ ለሚበዛበት መኪና መመሪያው ራሱ ጊዜውን አሳጥሩ ይላልና በየ7,000 ኪሎ ሜትሩ እቀይራለሁ። የወጣውን ዘይትም በነጭ ሳፋ እቀበለዋለሁ፤ የሞተሬን ዘይት በዓይኔ የማይበት ሌላ ጊዜ ስለሌለኝ።