ዲኤክሷ ሳነቴ ደርሳ ተመለሰች፤ ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ

ይህ ምስጋና ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ለሚሠሩ አንድ መካኒክ ነው። «ስሜን እንዳታወጪ» ስላሉኝ ጋሼ ብቻ ልበላቸው።

ኅዳር ላይ ከእህቴ ጋር ባሌ፣ ተራሮቹ አናት ላይ ያለው የሳነቴ ሜዳ ድረስ ልንሄድ ተነሳን። መኪናችን የአባታችን ቶዮታ ዲኤክስ ናት፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች። አንድ ጋራዥ ዘይት ቀይሮ «ምንም የላትም፣ ሂዱ» ብሎን ነበር። ልቤ አላመነም። ጋሼ ጋ ወሰድኳት።

የፊት ጎማዋን ፈትተው ጠሩኝ። የፍሬን ሸራው አልቆ ብረት ከብረት ሊፋጭ ትንሽ ነው የቀረው። «በዚህ ነው ዲንሾን የምትወርጂው፣ ልጄ?» አሉኝ። መንገዱን ያውቁታል፤ በወጣትነታቸው በአይሱዙ ተመላልሰውበታል። ዕቃውን ራሴ እንድገዛ ሶማሌ ተራ ላኩኝ። አሮጌውን ሸራ ደግሞ በፌስታል ቋጥረው አስረከቡኝ። እንዲህ የሚያደርግ መካኒክ እስቲ ጥሩልኝ!

ከዚያ የነፃ ትምህርት መጣ። «ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረግጠሽ አትውረጂ፣ ይግልና እምቢ ይልሻል። በከባድ ማርሽ ውረጂ። ሳነቴ ላይ ደግሞ ብታስልብሽ አትደንግጪ። እዚያ አየሩ ስስ ነው፤ ካርቡራተሯ ግን ቤንዚኑን እንደለመደው ነው የሚሰጣት።»

መንገዱስ? አሰላን አልፋችሁ ወደ በቆጂ፣ ወደ እነ ደራርቱና ቀነኒሳ አገር ስትሄዱ፣ ስንዴው ዓይን እስከሚደርስበት ቢጫ ነው። በግራ ጭላሎ፤ ሜዳው ላይ ኮምባይነር አቧራ እያስነሳ ያጭዳል። እህቴ «አቁሚ፣ ፎቶ!» ያለችበትን መቁጠር ትቻለሁ። ዶዶላንና አዳባን አለፍን። ዲንሾ አጠገብ፣ ጋይሳይ ሜዳ ላይ፣ የደጋ አጋዘንና ከርከሮ አብረው ሲግጡ ከመኪና ሳንወርድ አየን። ይህ ሁሉ ያለበት የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ሲያንሰው ነው።

በማግስቱ ከጎባ ወደ ሳነቴ የጠጠሩን መንገድ ወጣን። 4,000 ሜትር አካባቢ ዲኤክሷ ማሳል ጀመረች። እህቴ ጸሎት ያዘች፤ እኔ አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ሳቅሁ። የሳነቴ ከፍተኛው ተራራ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፣ መኪና ጫፉ ድረስ ይወጣል። እኛ ግን አሮጊቷን አዝነንላት ከሥሩ አቆምን። አንድ ቀይ ቀበሮ የፍልፈል ጉድጓድ ላይ አድፍጦ ቆሟል፤ ዞሮም አላየን።

እስከ ጎባ በሁለተኛ ማርሽ ወረድን። ፍሬኑ አልሸተተም።

አሮጌ መኪና ይዛችሁ ሩቅ የምትነዱ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጋራዡን እጠቁማችኋለሁ። በጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት ወረፋው አይቻልም። ጋሼ፣ ያ ሸራ ከነፌስታሉ አሁንም መኪናዋ ውስጥ አለ።