ኦርጋንና ኪቦርድ ለምታስጠግኑ፦ እኚህን ሰውዬ ልጠቁማችሁ

ከሁለት ወር በላይ ሳሎኔ ጥግ ላይ አንሶላ ለብሶ የተቀመጠ ኦርጋን ነበረኝ። ባለፈው ቅዳሜ ነፍስ ዘራ። ያስነሱልኝን ሰውዬ ሳላመሰግን ብቀር ይከነክነኛል። እንደኔ ዕቃው ተበላሽቶበት ግራ የገባው ሰው ካለም ይጠቅመዋል ብዬ ነው።

ኦርጋኑን የላከልኝ የአክስቴ ልጅ ነው፣ ከቨርጂኒያ። ኤሌክትሮኒክ ቢሆንም እንደ ጥንቱ ሃሞንድ (የታወቀው የአሜሪካ ኦርጋን) 9 ድሮውባር አለው። ለማያውቀው ሰው፣ ድሮውባር ማለት ወደ ራስህ የምትስበውና መልሰህ የምትገፋው ዘንግ ነው። ከ0 እስከ 8 ይሳባል። እያንዳንዱ የራሱን የድምፅ ሽፋን ይጨምራል፤ በሳብከው ቁጥር ያ ሽፋን ይጎላል። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን እስከ ጥግ ስበህ የቀሩትን ከዘጋህ ያ የታወቀው የጃዝ ድምፅ ይወጣል። እኔን የያዘኝ ግን የአዲስ አበባው ድምፅ ነው። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ እነ ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር ሲጫወቱ የምንሰማው፣ ትዝታን የሚያንጎራጉረው ኦርጋን።

ለብቻው ሲጫወት ደህና ነበር። መከራው የመጣው ለመቅረጽ ብዬ በሚዲ (የሙዚቃ መሣሪያዎች መልእክት በሚለዋወጡበት ዘዴ) ከኮምፒውተር ጋር ያገናኘሁት ዕለት ነው። ጣቴ ይወርዳል፣ ኖታው ዘግይቶ ይመጣል። አንዳንዱ ጭራሽ ተጣብቆ ይቀርና እጄን ባነሳም ይጮኻል። ድምፁ ደግሞ ጣሳ ውስጥ ሆኖ የሚጫወት ይመስላል።

አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት፤ ስሙን አልጠራም። ልጁ ክዳኑን ከፍቶ በስልኩ መብራት ቃኘት ቃኘት አደረገና «ቦርዱ ተቃጥሏል» አለኝ። 38 ሺህ ብር፣ ያውም ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ ጠብቄ። ተሸክሜው ተመለስኩና አንሶላ አለበስኩት።

ጋሼን የጠቆመኝ የባንዳችን ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስላስጠነቀቁኝ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል። ፒያሳ ሲፈርስ ዕቃቸውን ሸክፈው ሽሮ ሜዳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ገብተዋል። ግድግዳው በሙሉ የሞተ ቴፕ ነው። ቤቱ የብየዳ ቆርቆሮ ይሸታል።

ካቻቪቴ ያነሳሉ ብዬ ስጠብቅ ወንበር አቀረቡልኝ። «እስቲ መጀመሪያ ተጫወትልኝ» አሉ። አምስት ደቂቃ ያህል ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ከዚያ አሮጌ ላፕቶፓቸውን አውጥተው በሚዲ ገመዱ የሚያልፈውን መልእክት የሚያሳይ ፕሮግራም ከፈቱ። «አሁን እጅህን አንሳ» አሉኝ። አነሳሁ። ስክሪኑ ላይ ቁጥር ይሮጣል። 79፣ 80፣ 79፣ 81፣ 80... ማቆሚያ የለውም።

«ማነው የሚጫወተው?» ብለው ሳቁ።

ጥፋተኛው አምስተኛው ድሮውባር ነበር፣ ጥቁሩ። ውስጡ አቧራ ገብቶ ሳይነካ ይንቀጠቀጣል። ኦርጋኑም እየተሳበ መስሎት በየቅጽበቱ አዲስ ቁጥር ይልካል። የሚዲ ገመድ በሴኮንድ የሚያሳልፈው 31,250 ቢት ነው። አንድ ኖታ ለመሻገር 1 ሚሊሰኮንድ ገደማ ይፈጅበታል። ገመዱ በአንዴ ብዙ አያሳልፍም። ጋሼ እንዳሉት፦ «ጠባብ ቅያስ ነው። አህያ ተሰልፎ ከቆመበት ላዳ አያልፍም።» የኔ ኖታዎች ከአህዮቹ ኋላ ቆመው ነበር የሚዘገዩት። የተጣበቁት ደግሞ «ጣት ተነሳ» የሚለው መልእክት መሃል ላይ እየጠፋባቸው ነው።

መድኃኒቱ ኮንታክት ክሊነር (የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ) ነፍቶ ድሮውባሩን ሠላሳ አርባ ጊዜ ወዲያ ወዲህ ማመላለስ ሆነ። እኔው ነኝ ያመላለስኩት፤ እሳቸው ሻይ ይጠጡ ነበር።

የጣሳው ድምፅ ብልሽት እንኳ አልነበረም። ኮምፒውተሩ የተቀበለውን መልሶ ወደ ኦርጋኑ ይልካል፤ ስለዚህ አንዱ ኖታ ሁለት ጊዜ ይመታል፣ አንዴ ከጣቴ፣ አንዴ ከኮምፒውተሩ። ጣቴ የኦርጋኑን ድምፅ በቀጥታ እንዲያስነሳ የሚያደርገውን፣ ሎካል ኮንትሮል የሚባለውን አጠፉትና ድርቡ ድምፅ ጠፋ። «ሚዲ ድምፅ አይደለም» አሉኝ። «ወጡን አያመጣልህም። በርበሬ ጨምሪ፣ ጨው ቀንሺ የሚለውን ነው የሚያደርሰው።» ሁለት ጊዜ ጨው ጨምሪ ከተባለች ሴትዮዋ ምን ታድርግ?

በዚህ ቢያበቃም አመሰግን ነበር። ግን የቀረጽኩትን ሲሰሙ ፊታቸውን ቋጠር አደረጉ። የኦርጋን ተጫዋቾች ፐርከሽን የምንለው፣ ኖታው ሲጀምር «ጠቅ» የሚል ነገር አለ። እኔ ስጫወት ይሰማል፣ ቀረጻው ላይ ግን የለም። ለወራት ጆሮዬን ነበር የምጠረጥረው። ለካ ሃሞንድ ሲሠራው ጀምሮ፣ ይቺ ጠቅታ የምትነሳው ጣቶች ሁሉ ከተነሱ በኋላ በሚመታው ኖታ ላይ ብቻ ነው። የኔ ኦርጋንም ይህንኑ ይከተላል። እኔ ደግሞ ጊዜውን ለማስተካከል ብዬ ኳንታይዝ ሳደርግ (ኮምፒውተሩ ኖታዎቹን ወደ ምቱ እንዲያስጠጋ ሳዘው) ኖታዎቹ ጫፍና ጫፋቸው ተነባብሯል። ኮምፒውተሩ ቀረጻውን በኦርጋኑ ሲያጫውተው ኦርጋኑ ጣቴ ጨርሶ ያልተነሳ ይመስለዋል። እያንዳንዱን ኖታ ከጫፉ ቀንጠብ አደረጉት፤ ጠቅታዋም ተመለሰች። በዚያው አንድ ነገር ጨመሩልኝ፦ ሚዲ የሚቀርጸው የድሮውባሩን እንቅስቃሴ ነው እንጂ መጀመሪያ የቆመበትን ቦታ አይደለም። ስለዚህ ቀረጻ ስትጀምሩ ዘጠኙንም ነካ ነካ አድርጉ፣ አለዚያ ነገ ስትከፍቱት የሌላ ሰው ኦርጋን ይመስላችኋል።

ሒሳቡ 1,800 ብር። «ቦርዱስ ጋሼ?» ብላቸው «ቦርዱ ምን ሆነ?» አሉኝ።

እንከን የላቸውም አልልም። ነገ ካሉ ሳምንት ነው። ዕቃችሁ ደህና ሆኖ አጨዋወታችሁ ካልጣማቸው ደግሞ ፊት ለፊት ይነግሯችኋል። እኔን ግራ እጄ ሰነፍ ነው ብለውኛል።

ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ጠይቄያቸው እልክላችኋለሁ። ከሰዓት በኋላ ደውሉ፣ ጠዋት አያነሱም። ዕቃችሁ ከአሜሪካ የመጣ የ110 ቮልት ከሆነ ትራንስፎርመሩንም ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ረስቼው ኦርጋኑን እዚያው ትቼ ለትራንስፎርመር ብቻ ቤት ደርሼ ተመልሻለሁ።