ሞተር የምታስወርዱ ሰዎች፣ የቢዬላው ብሎን ሲታሰር ሳታዩ ብር እንዳትጨርሱ

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ስለሆነ ትንሽ ከረዘመባችሁ ታገሱኝ። ለማያውቅ ሰው፣ ቢዬላ ማለት ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ፣ ማለትም ከሚዞረው የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ጋር የሚያገናኘው ክንድ ነው።

መኪናዬ ያሪስ ናት፣ ባለ 1500 ሲሲ 1ኤንዜድ ሞተር። ራይድ እሠራባታለሁ። ዘይት መጠጣት ስትጀምር አንድ ወዳጄ የሚያውቀው ጋራዥ ላከኝ። ሙሉ እድሳት፣ በ3 ቀን ርክክብ፣ የ6 ወር ዋስትና፣ ዋጋውም ከሌሎቹ ቀነስ ያለ። እኔ ደግሞ ቆማ በዋለች ቁጥር ኪሴ ስለሚያለቅስ ቀብዱን እዚያው ቆጥሬ ሰጠሁ።

በሦስተኛው ቀን ሳልጠራ ሄድኩ። መካኒኩ ልጅ ክሪኬቱ (የብሎን መፍቻው እጀታ) ላይ ረጅም ቱቦ ሰክቶ የቢዬላውን ብሎን እያቃሰተ ያጠብቃል። «ቶርክ ሬንች የላችሁም እንዴ?» አልኩት፣ የማጥበቂያውን ጉልበት የሚለካውን ቁልፍ ማለቴ ነው። ሳቀብኝ። «ወንድሜ፣ የኔ እጅ ራሱ ቶርክ ነው» አለኝ። እኔም ሙያውን የሚያውቀው እሱ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ያቺ ዝምታ ናት ያስከፈለችኝ።

በኋላ የገባኝን ልንገራችሁ። የዚህ ሞተር የቢዬላ ብሎን መጀመሪያ የሚታሰረው በ15 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ 5 ኪሎ እንደማሳረፍ ማለት ነው፣ ልጅም ያደርገዋል። ከዚያ የብሎኑ ራስ ላይ በቀለም ምልክት ይደረግና 90 ዲግሪ፣ ማለትም ሩብ ዙር፣ ይዞራል። አለቀ። ቱቦ ምን ሊሠራ ይገባል?

ብሎኑ እንደ ስፕሪንግ ነው፣ ሲጠብቅ በትንሹ ይለጠጣል፣ ካፑን (ክራንክሻፍቱን ከስር የሚያቅፈውን የቢዬላውን ክዳን) ከቢዬላው ጋር ጨምቆ የሚይዘውም ያ መለጠጡ ነው። እጅ ግን መለጠጡን አይለይም። አብዛኛው ጉልበት የሚያልቀው በጥርሱና በብሎኑ ራስ ስር ባለው ፍትጊያ ነው። ጥርሱ ደረቅ ወይም ቆሻሻ ከሆነ ብሎኑ ገና ሳይለጠጥ «ጠብቋል» ያሰኛል። ለዚህ ነው ጥርሱም ከብሎኑ ራስ ስርም ትንሽ የሞተር ዘይት የሚቀባው። በቱቦ ሲጎተት ደግሞ ከልኩ አልፎ ይሳባል፣ ወገቡ ይቀጥናል፣ ከዚያ ወዲያ መያዙ ያበቃል። በ3000 ዙር ፒስተኑ በሰከንድ 50 ጊዜ ወጥቶ ይወርዳል፣ ያንን ሁሉ የሚችሉት ለአንድ ቢዬላ ሁለት ብሎኖች ናቸው።

ወር ሳይሞላ ነዳጅ ስሰጣት ማንኳኳት ጀመረች። ለመካኒኩ ደወልኩ። «ቤንዚኑ ነው፣ ማደያ ቀይር» አለኝ። ማደያ ቀየርኩ፣ ሞኝ አይደለሁ! በሁለተኛው ቀን የአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ፣ ሞጆ ሳልደርስ፣ መዶሻ የወደቀ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ፣ ወዲያው ጭስ፣ ከኋላዬ አስፋልቱ ላይ ዘይት። ተሳፋሪዬን በሌላ መኪና ሸኘሁ። መኪናዋ ስትፈታ ሞኖብሎኩ (ፒስተኖቹን የያዘው የሞተሩ ዋና አካል) ጎን ላይ ቡጢ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። የተበጠሰው ብሎን ከዘይት ኮፓው፣ ከሞተሩ ስር ካለው የዘይት ማጠራቀሚያ፣ ውስጥ ወጣ፣ መሃሉ እንደተሳበ ማስቲካ ቀጥኗል።

የሚያበግነው ደግሞ ሌላ ነው። ሒሳቡ ላይ «8 አዲስ የቢዬላ ብሎን» ተብሎ ከፍያለሁ። የተረፉት ብሎኖች ግን አናታቸው በቁልፍ የተላጠ አሮጌዎች ናቸው። ውፍረታቸውን በቨርኒየር መለኪያ ስንለካ ሁለቱ ከ6.4 ሚሊ ሜትር በታች ወርደዋል፣ ይህ ደግሞ ቶዮታ ጣሉት የሚልበት ልክ ነው። ዋስትናውስ? «ፋሻና ጓርኒሲዮን ላይ ብቻ ነው» ተባልኩ፣ የፒስተን ቀለበትና ማሸጊያ ማለታቸው ነው። በጽሑፍ የያዝኩት ነገር የለም፣ ደረሰኙም ማኅተም የሌለው ብጣሽ ወረቀት ነው።

ስለዚህ ቀብድ ሳትሰጡ ቶርክ ሬንቹን አሳዩኝ በሉ፣ ከጎረቤት እንዋሳለን ካሉም ሲዋሱ እዩ። ብሎኑን ራሳችሁ ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ግዙ፣ አሮጌውን ደግሞ ተቀበሉ። ካፖቹ ከየቢዬላቸው እንዳይቀያየሩ ተጠንቀቁ፣ ፋብሪካ ሲሠሩ የተስተካከሉት አንድ ላይ ነው። እያንዳንዱ ቢዬላ ሲታሰር ክራንክሻፍቱ በእጅ ይዙር፣ አልዞር ብሎ ከያዘ እዚያው ይፈታ። ዋስትናው ምን ምን እንደሚሸፍን ይጻፍ። የሚኮሳተር መካኒክ ካጋጠማችሁ መኪናችሁን አስጎትታችሁ ውጡ፣ ለጎታች የምትከፍሉት ከሞኖብሎክ ይረክሳል።

አሁን ያገለገለ ሞኖብሎክ ገዝቼ ሌላ ጋራዥ አስገብቻታለሁ። ሰውዬው ትልቅ ሰው ናቸው፣ «ቢዬላ ልዘጋ ነውና ና» ብለው ራሳቸው ደወሉልኝ። ምልክቱን ያደረጉት በልጃቸው ነጭ የጥፍር ቀለም ነው። ስምንት ነጥብ፣ ስምንቱም ሩብ ዙር ዞረዋል። በስልኬ አንስቻቸዋለሁ። የፊተኛው ጋራዥ ባለቤት ግን እስካሁን ስልክ አያነሳም።